ለከባድ ወንጀል ቀላል እስራት ይበቃል? አምስት የቅጣት መንገዶች ጎን ለጎን

አንድ አሰቃቂ ግድያ ይፈጸማል። ክሱ ይሰማል፣ ፍርዱ ይነበባል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ተፈረደበት?» አሥር ዓመት ከተባለ «ይሄማ ቀልድ ነው» ይባላል። ዕድሜ ልክ ከተባለ ደግሞ «እሰይ፣ የእጁን አገኘ»። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙ የሚነግረን አይመስለኝም። 21 ዓመት የተፈረደበት ሰው እስከ ሞቱ ላይወጣ ይችላል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 15 ዓመት ታስሮ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ሁለቱም ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ ሕጎች ናቸው። ስለዚህ ቅጣቶችን ስናወዳድር ከዓመቱ ቁጥር እኩል የምንጠይቀው ሌላ ነገር አለ። በሩን የሚከፍተው ማን ነው? ቀን መቁጠሪያው ነው ወይስ ጉዳዩን አይቶ የሚወስን ሰው?

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር። «ከባድ ወንጀል» ስል ታስቦበት የተፈጸመ ግድያን፣ ብዙ ሰው የተገደለበትን ጥቃት፣ በጭካኔ የተደረገ አስገድዶ መድፈርን፣ ሰው አግቶ ማሰቃየትን ማለቴ ነው። በድንገተኛ ጠብ ተገፍትሮ ወድቆ የሞተ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ደግሞ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት ጥቃት፣ ሦስት ፍርድ

በሦስት ተቀራራቢ ወንጀሎች ልጀምር። ሦስቱም አስበውበትና ታጥቀው በወጡ ሰዎች፣ በየግላቸው የተፈጸሙ ናቸው። «ማን ነው ያደረገው?» የሚል ክርክር በአንዳቸውም ላይ አልነበረም።

ጁላይ 22 ቀን 2011 ኖርዌይ ውስጥ አንድሽ ብሬይቪክ የተባለው ሰው መጀመሪያ ኦስሎ ላይ ቦምብ አፈነዳ። ከዚያ ኡቶያ ወደምትባል ደሴት ተሻግሮ የወጣቶች የበጋ ካምፕ ላይ ተኩስ ከፈተ። 77 ሰው ሞተ። በ2012 የተፈረደበት 21 ዓመት ነው። ለሟቾቹ ብታካፍሉት ለአንድ ነፍስ ሦስት ወር ከምናምን ይደርሳል።

በጃንዋሪ 2017 ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ ከተማ በሚገኝ መስጊድ ላይ አንድ ወጣት ተኩሶ ስድስት ሰው ገደለ። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነው። ክርክሩ «ለመጀመሪያ ጊዜ አመክሮ መጠየቅ የሚችለው መቼ ነው?» የሚለው ላይ ነበር። በወቅቱ የነበረው ሕግ ለእያንዳንዱ ሟች 25 ዓመት መደመርን ይፈቅዳል። ስድስት ጊዜ 25 ማለት 150 ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዳኛ 40 ዓመት አሉ። በ2022 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመደመሩን ሕግ ራሱን ሻረውና 25 ዓመት ላይ አቆመው።

ማርች 15 ቀን 2019 ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ከተማ ውስጥ በሁለት መስጊዶች 51 ሰው ተገደለ። በኦገስት 2020 ገዳዩ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በዚያች ሀገር ታሪክ እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር።

ከላይ ሲታይ ኖርዌይ ቸር፣ ኒውዚላንድ ጨካኝ፣ ካናዳ መሐል ላይ ትመስላለች። ግን ትንሽ እንቆይ።

አጭርና ቀኑ የተቆረጠ እስራት

ብዙ ሰው «ቀላል ፍርድ» ሲል የሚያስበው ይሄኛውን ነው። አምስት፣ ስምንት፣ አሥር ዓመት ይሰጠዋል። ሲሞላ ይወጣል።

ስሌቱን አንድ ጊዜ ጠጋ ብለን እንየው። ሰውየው ሚስቱን ገድሎ 12 ዓመት ተፈረደበት እንበል። ፍርዱ እስኪደርስ ሁለት ዓመት ታስሮ ቆይቷል፤ እሱ ይታሰብለታል። በብዙ ሀገሮች እንደተለመደው ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ አመክሮ ያገኛል፤ ማለትም በስምንት ዓመቱ። ከስምንቱ ሁለቱ አልፈዋል። የቀሩት ስድስት ናቸው። የሟች ልጅ ፍርዱ በተነበበበት ቀን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከነበረ፣ እናቱን የገደለውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው 15 ዓመቱ ነው። ያ ሰው ደግሞ አባቱ ነው። «የገደለው ባልሽ የሞተው ወንድምሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽ አልወጣ» የተባለው እኮ ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ችሎት ውስጥ የተሰማው 12 ነው። ቤተሰቡ የሚኖረው ስድስትን ነው። ይሄን ልዩነት ቀድሞ የሚያስረዳቸው ሰው ብዙ ጊዜ የለም።

አጭር ፍርድ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ደግሞ ካሊፎርኒያ አይታለች። በ2016 አንድ የዩኒቨርሲቲ ዋናተኛ ራሷን በሳተች ሴት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ተባለ። ዐቃቤ ሕግ ስድስት ዓመት ጠየቀ። ዳኛው ስድስት ወር ሰጡት፤ ማረሚያ ቤት ቢገባ ከባድ ጉዳት ይደርስበታል ብለው። ልጁ በሦስት ወር ወጣ። በዚያው ዓመት የግዛቲቱ ምክር ቤት እንዲህ ያለ ጥቃት የግድ እስራት እንዲያስከትል ሕጉን ቀየረ። በ2018 ደግሞ መራጩ ሕዝብ ዳኛውን ድምፅ ሰጥቶ ከወንበራቸው አነሳቸው።

እንግዲህ ለአጭር ቅጣት የሚቆሙ ሰዎች ከንቱ ነገር አይናገሩም። አንደኛ፣ ዓመት መጨመር ሌላውን ወንጀለኛ ያን ያህል አያስፈራም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2014 ባወጣው ሰፊ ጥናት፣ ረጅም የሆነን ቅጣት ይበልጥ ማርዘም ወንጀልን ለማስቀረት የሚጨምረው ነገር ቢበዛ ትንሽ ነው ብሏል። ለመግደል የተነሳ ሰው የሚያሰላው «ይይዙኛል ወይ?» የሚለውን እንጂ 20 እና 30 ዓመትን አይደለም። በዚያችው አሜሪካ በቅርብ ዓመታት ገዳያቸው የሚያዘው የግድያ ጉዳዮች ከግማሽ ብዙም አይበልጡም። ማስፈራራት ከሆነ የተፈለገው፣ ገንዘቡ ምርመራ ላይ ቢውል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሰው ሲያረጅ ከዓመፅ ይርቃል ይላሉ። ይሄም እውነት ነው። የዓመፅ ወንጀል በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ጫፍ ይነካል፤ ከዚያ እየወረደ ይሄዳል። በግድያ ታስረው የወጡ ሰዎችም በስርቆት ታስረው ከወጡት ያነሰ ነው የሚመለሱት።

ታዲያ ለምን አልቀበለውም? በሩን የሚከፍተው ቀን መቁጠሪያው ስለሆነ። ስምንት ዓመት ሲሞላ ማንም ሰው «ይሄ ሰው አሁንም ያንኑ ያደርግ ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም፤ ወይም ቢጠይቅም ማቆየት አይችልም። አብዛኞቹ አይደግሙም ማለት የቱ እንደሚደግም እናውቃለን ማለት አይደለም። ደግሞም ቅጣት ማስፈራሪያ ብቻ አይደለም። የጠፋው ነፍስ ምን ያህል እንደሚመዘን የምንናገርበት ቋንቋም ነው። ታስቦበት ለጠፋ ሕይወት የተሰጠው ቅጣት ከመኪና ብድር በፊት የሚያልቅ ከሆነ የሟች ወገን «መንግሥት ካልፈረደልኝ እኔው በእጄ» ቢል አይገርምም። ቅጣትን ከግለሰብ እጅ የወሰድነው እኮ ያንን ለማስቀረት ነበር።

ረጅም፣ ግን ጣሪያ ያለው

ፖርቱጋል ዕድሜ ልክ እስራትን በ1884 ነው የሰረዘችው። ዛሬም ከፍተኛው ቅጣት 25 ዓመት ነው። ብራዚል ውስጥ አንድ ሰው በተከታታይ ሊታሰር የሚችለው ቢበዛ 30 ዓመት ነበር፤ በ2019 በወጣ ሕግ 40 ሆነ።

እዚህ ብዙ የምለው የለኝም። ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል፤ በ30 ዓመቱ የገባ ሰው ጸጉሩ ሸብቶ ነው የሚወጣው። ግን ጉድለቱ ያው ነው። ጣሪያው ሲደርስ በሩ ይከፈታል፣ ሰውየው ምንም ይሁን። ብዙ ሰው ለገደለ ደግሞ ከአንደኛው ሟች በኋላ ያሉት በነፃ እንደተቆጠሩ ነው።

ዕድሜ ልክ፣ ከክለሳ ጋር

ጀርመን ውስጥ ታስቦበት ለተፈጸመ ግድያ ዕድሜ ልክ ነው። በ1977 የሀገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ወሰነ፦ ዕድሜ ልክ ይሁን፣ ግን እስረኛው አንድ ቀን የመውጣት እውነተኛ ተስፋ ይኑረው። ከዚያ በኋላ በወጣው ሕግ 15 ዓመት ሲሞላው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ያያል። ያያል እንጂ ይፈታል አልተባለም። ጥፋቱ የተለየ ክብደት አለው ተብሎ ከተወሰነም በ15 ዓመት መውጣት የማይታሰብ ነው።

ስፔን በ2015 ተመሳሳይ ነገር አስገባች፤ ክለሳው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። የካናዳውን አይተናል። ዘር ማጥፋትን ጨምሮ ዓለም የሚያውቃቸውን የመጨረሻ ከባድ ወንጀሎች የሚዳኘው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤትም መንገዱ ይኸው ነው። እስከ 30 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ይፈርዳል፤ ዕድሜ ልኩ ከ25 ዓመት በኋላ ይታያል።

የዚህ መንገድ ጥንካሬ ሁለቱን ጥያቄ መለየቱ ነው። ወለሉ፣ ማለትም ያለምንም ድርድር የሚታሰረው ዓመት፣ ለሠራው ሥራ ነው። ከወለሉ በኋላ ያለው ለአደገኝነቱ ነው። ወለሉ አጭር ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። 15 ዓመት ለእኔ ለሕፃን ገዳይ ያንሳል። 25 ሲሆን ልቤ ይረጋል። ይሄ ሒሳብ አይደለም፣ ስሜት አለበት፤ አልክድም።

የሚታደስ እስራት

አሁን ወደ ኖርዌይ እንመለስ። ብሬይቪክ የተፈረደበት ተራ እስራት አይደለም። ኖርዌጂያኖች «ፎርቫሪንግ» ይሉታል፤ በጥበቃ ሥር ማቆየት እንደማለት ነው። 21 ዓመቱ ሲያልቅ አሁንም አደገኛ ነው ከተባለ ፍርድ ቤት እስከ አምስት ዓመት ይጨምርበታል። አምስቱ ሲያልቅ እንደገና። ስንት ጊዜ እንደሚጨመር ገደብ የለውም። «77 ሰው ገድሎ 21 ዓመት» እየተባለ የሚዞረው ወሬ ይሄን ይዘለዋል።

ችግሩ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ወለሉ አሥር ዓመት ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላው ማመልከት መብቱ ነው፤ አመለከተም። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

በነገራችን ላይ ሰው የእስራቱን ርዝመትና የክፍሉን ምቾት ያደባልቃል። የኖርዌይ ማረሚያ ቤቶች አልጋና መስኮት ፎቶ ይታይና «ይሄ ቅጣት ነው?» ይባላል። ምቾት ሌላ፣ ዓመት ሌላ። ሰው በንጹሕ ክፍል ውስጥ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ በቆሻሻ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ቆይቶም ሊወጣ ይችላል። «ኖርዌይ ውስጥ ወደ ወንጀል የሚመለሰው 20 በመቶ ብቻ ነው» የሚለውም ቁጥር በጥንቃቄ ይያዝ። ቁጥሩ ከእስር ከወጡ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደገና የተፈረደባቸውን ነው የሚቆጥረው፤ በሁሉም ዓይነት ወንጀል የታሰሩትን አንድ ላይ አድርጎ። ስለ ነፍሰ ገዳዮች ለብቻቸው የሚናገረው ነገር የለም።

ዕድሜ ይፍታህ

የመጨረሻው መንገድ ቃሉ ራሱ ይናገራል። አመክሮ የለም፣ ክለሳ የለም። የኒውዚላንዱ ፍርድ ይሄ ነው። እንግሊዝ ለጥቂት ደርዘን እስረኞች ትጠቀምበታለች። አሜሪካ ግን በዚህ መልክ የታሰሩባት ከ50 ሺህ በላይ ናቸው።

ለዚህ መንገድ ያለኝ አክብሮት ከቤተሰቡ የሚመጣ ነው። ፍርዱ በተነበበ ቀን ያልቃል። ክራይስትቸርች ላይ ችሎቱ አራት ቀን ፈጅቷል፤ አብዛኛው ጊዜ የተጎጂዎችና የቤተሰቦች ነበር። አንድ በአንድ እየተነሱ ገዳዩ ፊት ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ሰውየው ይውጣ አይውጣ ብለው እንደገና ችሎት የሚጠሩበት ቀን አልተያዘም።

የሚያሳስበኝ ሌላው ጫፍ ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ዕድሜ ልክ ማለት ያለ አመክሮ ነው። አንጎላ በሚባለው ትልቅ እስር ቤት ለሚሞቱ እስረኞች ማስታመሚያ አለ። የሚያስታምሟቸው ሌሎች እስረኞች ናቸው፤ ያጥቧቸዋል፣ ያጎርሷቸዋል፣ ሌሊት አጠገባቸው ያድራሉ። የሬሳ ሣጥኑንም የሚሠሩት እነሱው ናቸው። ስመ ጥሩው ሰባኪ ቢሊ ግራሃም በ2018 የተቀበሩት እዚያ በተሠራ ሣጥን ነው። በሃያ ዓመቱ ሰው የገደለ፣ አሁን በሰባ ዓመቱ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተውን ሰው የምንጠብቀው ከምንድን ነው? ለሠራው ሥራ ከሆነ ሃምሳ ዓመት ከፍሏል። ለአደጋው ከሆነ አልጋው ላይ ነው።

የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2013 ከእንግሊዝ በቀረበለት ጉዳይ ያለውም ከዚህ ይቀራረባል። ሰውን ዕድሜ ልክ ማሰር ይቻላል፤ ጭራሽ የማይታይ ማድረግ ግን ኢሰብዓዊ ነው። የፍርድ ስህተትም አለ። ንጹሕ ሰው ተፈርዶበት ማስረጃው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲገኝ ታይቷል።

ታዲያ የቱን?

የእኔ ምርጫ ሦስተኛው፣ ዕድሜ ልክ ከክለሳ ጋር የሚለው ነው፤ ያውም ከፍ ካለ ወለል ጋር። 25 ዓመት ገደማ ምንም ድርድር የሌለበት፣ ከዚያ በኋላ ሰው አይቶ የሚወስንበት። አጭሩ እስራት ለዚህ ዓይነት ወንጀል አይሆንም። ዕድሜ ይፍታህን እንደ ክራይስትቸርቹ ላሉ እጅግ ጥቂት ጉዳዮች ብቻ ብትተዉት አልከራከርም፤ የተለመደ ቅጣት ሲሆን ግን እቃወማለሁ።

ሁለት ቦታ ላይ ሐሳቤን አለዝባለሁ። አንዱ ልጆች ናቸው። በ15 ዓመቱ የገደለ ልጅና በ40 ዓመቱ የገደለ ሰው አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳ በ2012 ከ18 ዓመት በታች ሳለ ለገደለ ልጅ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክን ግዴታ ማድረግ አይቻልም ብሏል።

ሁለተኛው የጦርነት ማብቂያ ነው። ኮሎምቢያ ከፋርክ ታጣቂዎች ጋር በ2016 ስትታረቅ እንዲህ ያለ ውል ገባች። እውነቱን በሙሉ ቀድሞ ለተናገረ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት፣ ያውም ከወህኒ ቤት ውጭ፣ በተወሰነ አካባቢ። ክዶ ለተረታ ከ15 እስከ 20 ዓመት እስር። ለእገታና ለጅምላ ግድያ ይሄ በጣም ቀላል ነው። ግን በቅናሹ የተገዛ ነገር አለ። መሣሪያ ተቀመጠ፤ የጠፋ ልጁ የት እንደተቀበረ ያላወቀ አባትም የሚጠይቀው ሰው አገኘ። ቅጣት ሲቀልል «በምን ለውጥ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የካሊፎርኒያው ዳኛ በምንም ነበር የሰጡት።

ለምርጫዬ ትልቁ ዋጋ የሚከፈለው ክለሳው ላይ ነው፤ የሚከፍሉትም ቤተሰቦቹ ናቸው። በጃንዋሪ 2022 ብሬይቪክ አመክሮ ጠይቆ ችሎት ቀረበ። ችሎቱ የተካሄደው ሺየን በሚገኘው እስር ቤት ጂም ውስጥ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የነጭ ዘረኝነት መፈክር ይዞ ገባና እጁን ዘርግቶ የናዚ ሰላምታ ሰጠ። ምስሉ በየቴሌቪዥኑ ዞረ። ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ጥያቄውን ውድቅ አደረገው፤ ሕጉ ሠርቷል። ግን ልጇን ኡቶያ ላይ ያጣች እናት ለዚያ ሰሞን ቴሌቪዥኗን ማጥፋት ነበረባት።

ስለዚህ ሁለት ሀገሮች «ክለሳ አለን» ሲሉ በስንት ዓመት አንዴ እንደሆነ ጠይቁ። ኖርዌይ ውስጥ የተከለከለ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ማመልከት ይችላል። ጀርመን ውስጥ ፍርድ ቤት እስከ ሁለት ዓመት ድረስ እንዳያመለክት ሊያግደው ይችላል። ካሊፎርኒያ ከ2008 ወዲህ ለተከለከለ እስረኛ ከሦስት እስከ 15 ዓመት ቀጠሮ ታርቅለታለች። እኔ አምስት እላለሁ፣ ካሜራም ሳይገባ።